ጋሼ ዘገዬና የላይኛው መስክ በር

ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚሰማው ድምፅ ለብዙ ሰው እንቅልፍ ያመጣል፤ ከእኔ ግን ይወስዳል። ከዚያ ድምፅ ሥር ዛሬም ሌላ ድምፅ ይሰማኛል፤ ሆዷ የተነፋ ላም ትንፋሽ አጥሯት ስታቃስት። አጭርና ጥልቅ ነው፤ ከባድ ሸክም የሚያነሣ ሰው «እህ» እንደሚለው ያለ። ዓመታት አልፈዋል። እኔ ግን እስካሁን ሰማዩ በባሕሩ በኩል ሲጠቁር ተነሥቼ በመስኮት ሳላይ መቀመጥ አልችልም።

ላጫውታችሁ የምሻው ስለ ጋሼ ዘገዬ ነው። የወገራ ሰው ነበሩ። በዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ወንበሩ በተነቀለ አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ከመጡት ወገኖቻችን አንዱ ናቸው። እኔም በዚያው ሰሞን መጣሁ። በአገር ቤት የገጠር ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርሁ፤ አሽዶድ ላይ ግን ሁለታችንም በሮቫ ዳሌት ሰፈር አንድ ደረጃ የምንወጣ ጎረቤታሞች ሆንን። እሳቸው ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ ሁለተኛ። ስሜ ፍቅሬ መሆኑን ያውቃሉ፤ ነገር ግን አንድም ቀን ፍቅሬ ብለውኝ አያውቁም። «መምህሩ» ነበር የሚሉኝ።

ጋሼ ዘገዬ ፈሪ ነበሩ። ይህን የምጽፈው ለነቀፋ አይደለም፤ ራሳቸውም አይደብቁትም ነበር። ሊፍት ውስጥ አይገቡም። ስልክ ሲጮህ ከመቀመጫቸው ብድግ ይላሉ። ከመንግሥት ቤት ፖስታ ሲመጣ ሳይከፈት ወደ እኔ ይመጣል፤ እኔ እያነበብሁ እሳቸው ፊቴን ያነብባሉ። መጀመሪያ የተቀጠሩት በሰሜናዊው የኢንዱስትሪ ቀጠና፣ በአንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እየደረደሩ ነው። መጋዘኑ መስኮት አልነበረውም። ዕቃ የሚያነሣው መኪና ከኋላቸው በመጣ ቁጥር ልባቸው ይሸሻል። ቀን በቀን እያነሱ፣ እየጠፉ ሄዱ። በመጨረሻ ቤት ገብተውም መናገር ተዉ። ባለቤታቸው እትዬ ሐረጊቱ አንድ ቀን ደረጃው ላይ አገኙኝና፣

«አንተ ፍቅሬ፣ ባሌን እኮ እዚያ መጋዘን ውስጥ አስቀርተው ልብሱን ብቻ ነው የሚልኩልኝ» ብለው አለቀሱብኝ።

እኔ በዚያን ጊዜ ከከተማው ወጣ ባለች አንዲት ሞሻቭ፣ የገበሬዎች መንደር፣ ኢታማር በሚባል ሰው ረፌት ውስጥ ላም አላቢ ሆኜ እሠራ ነበር። ረፌት የወተት ላሞች በረት ነው። በዚህ አገር የወተት ላም ዓመቱን ሙሉ ጥላ ሥር ትቆማለች፤ መኖዋ በመኪና ይመጣላታል። ኢታማር ግን ሌላ ሐሳብ ገባው። በዝናቡ ወራት ላሞቹ ሜዳ ወጥተው ሣር ቢግጡ ወተታቸው ይጣፍጣል፤ ሚስቱ ኦርሊ ለምትሠራው አይብም ይስማማል ብሎ አመነ። ጎረቤቶቹ «ኢታማር ላሞቹን ሽርሽር ይወስዳል» እያሉ ሳቁበት። የቸገረው ግን ሳቁ አልነበረም፤ ከላም ኋላ መሄድ የሚያውቅ ሰው ማጣቱ ነው። «አንድ ሰው አውቃለሁ» አልሁት።

ጋሼ ዘገዬ የገቡበት ቀን ትዝ ይለኛል። በኢታማር ታንደር፣ በክፍቱ የጭነት መኪና፣ ከሮቫ ዳሌት ሱቅ አጠገብ ተሳፍረን ሄድን። እሳቸው ከበረቱ በር ላይ ቆመው መዳፋቸውን ዘረጉ። አንዲት ነጭና ጥቁር ቡራቡሬ ላም መጥታ አሸተተቻቸው፤ ምላሷን አውጥታ እጅጌያቸውን ላሰችው።

«መምህሩ፣» አሉ በቀስታ፣ «እነዚህማ ላም ናቸው!»

«ታዲያ ምን መስለውዎት ነበር?»

«እንጃ። በዕብራይስጥ የሚያገሡ መስሎኝ ነበር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንደበታቸው ተፈታ። ያችን ላም ቡሬ አሏት። ኢታማር በጆሮዋ ላይ ያንጠለጠለባትን ቁጥር አንድም ቀን አልጠሩትም። ማታ ቤት ሲገቡ እትዬ ሐረጊቱ ከደረጃው አናት ላይ ሆነው፣ «መጡ ሙሽራው! ጫማዎን ከበር ውጭ ያውልቁ! ፎቁን ሁሉ ረፌት ሊያደርጉት ነው?» ሲሉ እሰማለሁ። እሳቸውም፣ «ቡሬ ሰላም ብላሻለች» ይላሉ። «ቡሬን ይዘዋት ይምጡና እሷው እራት ታቅርብልዎት!» ከዚያ የሁለቱ ሳቅ ይወርዳል። እኔም በራሴ በር ላይ ቆሜ ደስ ይለኛል።

ማለቢያውን መኪና ግን ሊለምዱት አልቻሉም። ጩኸቱን ይፈሩታል፤ ቱቦው ግት ሲይዝ ማየትም ያስጨንቃቸዋል። ስለዚህ በዚያ ረፌት የነበራቸው ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ሜዳው። ሜዳውን ካጡ የሚመለሱት ወደ መጋዘኑ እንደሆነ እሳቸውም እኔም እናውቅ ነበር። አላነሣነውም እንጂ እናውቅ ነበር።

በእርጥብ ወራት የወተት ላም ማሰማራት ቀላል ሥራ አይደለም። መሬቱ ውኃ ሲጠጣ የላም ኮቴ ያቦካዋል፤ ሣሩ ከነሥሩ ይነቀላል፤ ለሳምንታት ከዚያ ቦታ የሚበላ አይገኝም። ስለዚህ ኢታማር መስኩን በኤሌክትሪክ ሽቦ ይከፋፍለዋል፤ ላሞቹ ዛሬ የጋጡበትን ነገ አይረግጡትም። ጋሼ ዘገዬ ሽቦውን «እባቡ» ይሉት ነበር፤ ሁልጊዜም በዱላ ጫፍ እንጂ በእጃቸው አያዞሩትም። ከራሳቸው የጨመሩትም ነበር። ጠዋት ከላሞቹ ቀድመው ገብተው መሬቱን በተረከዛቸው ይጫናሉ። የተረከዛቸው ጉድጓድ ውኃ ካቆረ «ዛሬ ይህ ቦታ ይረፍ» ይላሉ፤ ኢታማርም ይሰማቸዋል። ላሞቹ ከመውጣታቸው በፊት ደግሞ ድርቆሽ ይበላሉ። ባዶ ሆድ ይዞ እርጥብ ሣር መግባት እዚያም እዚህም ክፉ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አልተስማማላቸውም፤ ወራቱ። በእኛ አገር ክረምት ማለት ሐምሌና ነሐሴ ነው። እዚህ በሐምሌ አሸዋው እግር ያቃጥላል፤ ዝናቡ የሚመጣው በጥርና በየካቲት ነው። ጋሼ ዘገዬ በወራቱ ይሳሳቱ ነበር እንጂ በዝናቡ አይሳሳቱም። ደመናው ሲከብድ ይነግሩናል። ሲነግሩን ግን ድምፃቸው ይቀጥናል፤ በሁለት እጃቸው ዱላቸውን ይጨብጣሉ። በላሞች መካከል ሳሉ የማውቅባቸው ፍርሃት ይህ ብቻ ነበር። ምክንያቱን ጠይቄ አላውቅም።

የመስኩን አቀማመጥ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ ከዚያ መጣ። ታችኛው መስክ ረባዳ ነው። በአንድ ወገኑ ወደ ባሕር የሚወርድ ጅረት አለ፣ በመስኩ መካከል የባሕር ዛፍ ረድፍ፤ በሌላው ወገን፣ በመስኩና በረፌቱ መካከል፣ የውኃ መፍሰሻ ቦይ። ቦዩ ላይ ጠባብ ድልድይ አለ፤ ላሞቹ የሚመላለሱት በእሱ ነው። ከመስኩ ራስ ላይ የብረት በር አለ። በሩ ወደ ላይኛው መስክ፣ ወደ ጉብታው ይወስዳል። ላይኛው መስክ ተዘርቶ የተዘጋ ነበር። ኢታማር ገና በመጀመሪያው ሰሞን ሁለታችንን አቁሞ፣

«ወደ ላይ ማንም ላም አይግባ። እስኪታጨድና እስኪደርቅ ድረስ ዝግ ነው» ብሎናል። ተርጉሜ ነግሬያቸዋለሁ።

ሌላም ነግሮናል። «ዝናብ በርትቶ ቦዩ ከሞላና ላሞቹን ማሻገር ካልቻላችሁ፣ ተዉአቸው። እዚያው ታች ይቁሙ። ውኃው ከባሕር ዛፎቹ አልፎ አያውቅም። አባቴም አላየም፣ እኔም አላየሁም።»

ጋሼ ዘገዬ ይህን ስተረጉምላቸው ባሕር ዛፎቹን ረጅም ጊዜ አዩአቸው። ከዚያም፣ «ዛፍ ምን ያውቃል?» አሉ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ሁለት ሺህ ሦስት በገባ፣ አይሁድ ሽቫት በሚሉት ወር፣ በጥር ነው ቀኑ። ያ ዓመት ዝናቡ የበረታበት ዓመት ነበር። ኢታማር ጠዋት ወደ ከተማ ሄደ፤ እናቱ በሮቫ ዩድ ዛይን ነበር የሚኖሩት፣ አሟቸው ነበርና። ሲሄድ ሰማዩ ግራጫ ነው እንጂ አይዘንብም። ቀትር ሲሆን ከባሕሩ በኩል ጥቁር ነገር ተነሣ። ደመና ነው ለማለት ያስቸግራል፤ እንደ ግድግዳ ነበር። እኔ በማለቢያው ውስጥ ቱቦዎቹን አጥብ ነበር። ቆርቆሮው በአንድ ጊዜ ጮኸ። የራሴን ሳል እንኳ መስማት አልቻልሁም።

ወጥቼ ሳይ ቦዩ ሞልቶ ድልድዩን ሸፍኖታል። ከማዶ ጋሼ ዘገዬ ዱላቸውን እያወዛወዙ ይጮኻሉ፤ ድምፃቸው አይሰማም፤ አፋቸው ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ አያለሁ። ከኋላቸው ጅረቱ ቡናማ ሆኖ አብጧል። የዛፍ ቅርንጫፍ፣ የፕላስቲክ በርሜል፣ የማላውቀው ሰው በር ተሸክሞ ይወርዳል። ውኃው ከዳር ወጥቶ በሣሩ ውስጥ እየተሳበ ወደ ላሞቹ ይመጣል። እጄን አፌ ላይ አድርጌ፣ «ይቁሙ! እዚያው ይቁሙ! አይነካችሁም!» ብዬ ጮኽሁ። የሰሙኝ አይመስለኝም። ፊታቸውን አዙረው ወደ ብረቱ በር ሮጡ። የዚያን ዕድሜ ሰው እንዲያ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። በሩ ተከፈተ፤ ላሞቹም ተከታትለው ወደ ጉብታው ወጡ።

እውነቱን ልናገር፤ በዚያች ደቂቃ ተመስገን ነው ያልሁት። ሁላችሁም ብትሆኑ ትሉት ነበር።

በረፌቱ ኋላ ባለው መንገድ ዞሬ ወደ ጉብታው ወጣሁ። በዚያ በኩል ያለው በር በሰንሰለት የተቆለፈ ስለሆነ አጥሩን ዘለልሁ። ጋሼ ዘገዬ ከነዝናባቸው ቆመዋል፤ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል፤ ግን ይስቃሉ።

«አወጣኋቸው መምህሩ! አንዲትም አልቀረች! ቆጠርኋቸው!»

«አይ፣ ነፍሴን አወጧት እኮ! እንዴት ነው የሚሮጡት እርስዎ?»

«እግሬ እኔን መች ጠየቀኝ።»

ቁልቁል አየን። ውኃው ከታችኛው መስክ ግማሹን ይዟል። ላሞቹ ግን ከእኛ ዙሪያ ናቸው፤ አንገታቸውን ደፍተው እየቆረጡ ይበላሉ። ሣሩ ጉልበት የሚደርስ፣ ለስላሳ፣ ውኃ ያዘለ ነበር። የሚቆርጡት ድምፅ በዝናቡ ውስጥ እንኳ ይሰማል። «ይብሉ፣» አሉ ጋሼ ዘገዬ፣ «ደንግጠዋል፤ ሲበሉ ይረጋሉ። ለሣሩ ሰውየው ይቆጣ፤ ሣር ይበቅላል።» በአገራችን እንዲህ ነው። ወንዝ ሲሞላ ከብት ወደ ዳገት ይነዳል፤ በዳገት ላይ ያለው በድንጋይ መካከል የበቀለ አጭር ሣር ስለሆነ የሚያሠጋ ነገር የለውም። የደነገጠ ከብት እስኪረጋጋ ይበላል። ይህን ጠይቆ የሚያደርግ የለም፤ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው።

እንደዚያ ቆመን ስናወራ ቆየን። ዝናቡ ትንሽ ቀነሰ። ከዚያ ቡሬ መብላት አቆመች።

መጀመሪያ አላስተዋልሁም። አንገቷን ዘርግታ ቆመች። አንድ ጊዜ ወደ ሆዷ ዞራ አየች። የኋላ እግሯን አንሥታ ሆዷን ረገጠች። ጋሼ ዘገዬ ንግግራቸውን አቋረጡ። ጎንበስ ብለው ከእግራቸው ሥር አንድ እፍኝ ሣር ነጩና ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። አበባ አላወጣም። ቅጠሉ ሦስት ሦስት ነው። በጣታቸው ቢያሹት አረንጓዴ ውኃ ወረደው። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ፤ ደም ከፊት ሲሸሽ በዓይን የሚታይ ነገር መሆኑን ያን ቀን ተማርሁ።

«መምህሩ፣» አሉ። «ይህ ማገጥ ነው።»

አገር ቤት ከብት ያረባ ሰው ማገጥን ያውቃል። እርጥቡን ጠግቦ የበላ ከብት ሆዱ በአረፋ ይሞላል፤ ግሣቱ አይወጣም፤ ሆዱ እየተነፋ ሳንባውን ያፍነዋል። ማገጥን ጋሼ ዘገዬ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ነገር ግን በወገራ ማገጥ የሚበቅለው በረባዳ ነው፤ ዳገት ላይ ማገጥ ማን አይቶ ያውቃል? የኢታማር ማገጥ ደግሞ የፈረንጅ ዘር ነው፤ ቅጠሉ ሰፋ ያለ፤ በእጁ ለድርቆሽ ብሎ የዘራው። እኛ በሩ የተዘጋው ለሣሩ ሲባል መስሎን ነበር። የተዘጋው ለላሞቹ ሲባል ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል ለመጻፍ ያስቸግረኛል። ጋሼ ዘገዬ ላሞቹን እየመቱ፣ እየጮኹ ከሣሩ ሊያወጧቸው ሞከሩ። ደጋግመው ደጋግመው የላሞቹን ሆድ መቱ፣ የሚለምኗቸው ይመስል ነበር። እኔ ወደ ኦርሊ ስልክ ደወልሁ። እጄ ውኃ ሆኖ ቁልፎቹ አልታዘዝ አሉኝ። ኦርሊ የሰንሰለቱን ቁልፍና ሁለት ጀሪካን የምግብ ዘይት ይዛ ሮጣ መጣች፤ ስልኩ በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ተጣብቋል። የሚያናግራት የከብት ሐኪሙ ነው። መንገዱ ላይ ውኃ አግዶት በሌላ በኩል ዞሮ እየመጣ ነው፤ ኢታማርም ከኋላው አለ።

«አራምዷቸው ይላል! እንዳይተኙ! ዘይቱን አጠጧቸው ይላል!»

ያንን መተርጎም አላስፈለገኝም። ጋሼ ዘገዬ ቀድመው እንጨት ሰብረው ነበር፤ በቡሬ አፍ ውስጥ አግድም ከተው ከቀንዷ ሥር በገመድ አሰሩት፤ አፏን እንድትከፍትና እንድታኝክ ነው። እኔና ኦርሊ አንዷን ይዘን ዘይት ስንግታት፣ እሳቸው ሌላዋን ይይዛሉ። የላሞቹ ግራ ጎን ከጀርባቸው በላይ ወጥቶ ነበር። በእጅ ሲመቱት እንደ ከበሮ ይጮኻል። ከየአፋቸው አረፋ ይወርዳል። እዚያ ጉብታ ላይ በሁሉም አቅጣጫ ያ ድምፅ ነበር፤ እህ፣ እህ፣ እህ።

ከዚያ ቡሬ በጉልበቷ ወደቀች።

ኦርሊ ስልኩን አዳመጠችና ፊቷ ነጣ። «ከወደቀች አትጠብቁ ይላል። ቢላ። በግራ፣ ከመጨረሻው ጎድን ኋላ። ፍቅሬ፣ ንገረው፣ እሱ ያውቅበታል አላልህም?» ቢላ ከኪሷ አወጣች። ለአይቡ የምትጠቀምበት፣ ጫፉ ሹል ነው።

ነገርኋቸው። ጋሼ ዘገዬ ቢላውን ተቀበሉ። አባታቸው ሲያደርጉት አይተዋል፤ ቦታውን ያውቁታል። በሦስት ጣታቸው ለኩና ጫፉን ከትክክለኛው ቦታ ላይ አሳረፉት። እኔ የሌላዋን ላም ገመድ ይዤ ነበር፤ ኦርሊ ጭንቅላቷን። ከለቀቅናት ትወድቃለች። ስለዚህ ማየት ብቻ ሆነ ሥራዬ።

«ይውጉ ጋሼ!»

ጫፉ ከቆዳው ላይ ተንሸራተተ፤ እንደገና አሳረፉት።

«ይውጉ እንጂ!»

«ይዤው… ይዤው ነው… እጄ…»

ቡሬ አንድ ጊዜ አቃሰተች። ዓይኗ ወደ እሳቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ያቃሰቱት የቀሩት ላሞች ናቸው፤ እሷ አልደገመችም። ጋሼ ዘገዬ ቢላውን ከጎኗ ላይ ሳያነሡ ተንበርክከው ቀሩ።

ሐኪሙ ሲደርስ ከላሞቹ ሁለቱን በባለ ቱቦ መውጊያ ወጋቸው፤ አየሩ እያፏጨ ወጣ። የቀሩት ዘይቱ ያዘላቸው፤ እየተራመዱ አገሡ፣ ተነፈሱ። ኢታማር ከመኪናው ወርዶ ማንንም ሳያናግር ሠራ። ማምሻውን ከቡሬ በቀር ሁሉም በእግራቸው ወደ በረቱ ገቡ። በታች ደግሞ ጅረቱ ጎድሎ ነበር። ወርጄ አየሁት። ውኃው ጭቃና ገለባ ትቶ የተመለሰበት መሥመር ከባሕር ዛፎቹ ሥር ነበር። አላለፋቸውም።

ሐኪሙ ከሄደ በኋላ ሦስታችን በወተት ክፍሉ ውስጥ ተቀመጥን። ኢታማር በተገለበጠ ባልዲ ላይ፣ እኔ በደረጃው ላይ፣ ጋሼ ዘገዬ በርጩማ ላይ። ልብሳችን ሁሉ ዘይትና አረፋ ነው።

«በሩን ማን ከፈተው?» አለ ኢታማር።

ጋሼ ዘገዬ ትርጉሙን አልጠበቁም። «እኔ ነኝ በለው።»

«ዝግ ነው አላልሁም?»

«ብለሃል፤ ነግሬያቸዋለሁ» አልሁት።

«ታዲያ ለምን? ምን አስፈራው? ውኃው እንደማያልፍ አልነገርኸውም?»

ጠየቅኋቸው። ከዚያ በጎረቤትነታችን ዘመን ሁሉ ያልነገሩኝን ነገሩኝ፤ እኔም ቃል በቃል ለኢታማር አደረስሁት። ሐረጊቱን ባገቡ ዓመት፣ በነሐሴ፣ ከታላቅ ወንድማቸው ከሙላት ጋር ከብቱን በወንዝ ዳር አሰማርተው ነበር። ዝናቡ ከላይ አገር ነው የጣለው፤ እነሱ ዘንድ ፀሐይ ነበር። ወንዙ መጮህ ጀመረ። «እንውጣ» አሉ እሳቸው። ሙላት ግን፣ «ውኃው ከሾላው አልፎ አያውቅም፤ አባታችን ነግሮናል» አለ። እሳቸው ፈርተው ዳገቱን ወጡ። ሙላት ከከብቱ ጋር ቀረ።

«ከላይ ሆኜ አየሁት፣» አሉ ጋሼ ዘገዬ። «ሾላውንም ወሰደው።»

ኢታማር ፊቱን በሁለት እጁ አሸ።

«ስማኝ ፍቅሬ፣» አለ፣ «የላሚቱ ነገር አልቋል። እኔም በላይኛው መስክ ያለው ምን እንደሆነ ማሳየት ነበረብኝ፤ አላሳየሁም። ዘገዬ እዚሁ እንዲቆይ እፈልጋለሁ። ላሞቹ እንደ እሱ የሚከተሉት ሰው አላገኝም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው። ሁለተኛ ውኃው ሲመጣ በሩን እንዳይነካ። ቆሞ ይጠብቅ፣ ለእኔ ይደውል። ቃሉን ይስጠኝ፤ ቃሉ ይበቃኛል።»

ደረቴ ቀለለኝ። ሰውየው እንዲህ ይላል ብዬ ጨርሶ አልጠበቅሁም። ቶሎ ቶሎ ተረጎምሁላቸው። «እሺ ይበሉ ጋሼ። እሺ ካሉ አለቀ፤ ነገ ጠዋት ከሱቁ አጠገብ እንሳፈራለን።»

«አልችልም» አሉ።

«ምን ማለት ነው አልችልም? ቃል ብቻ እኮ ነው የጠየቀዎት!»

«ቃል ስለሆነ ነው አልችልም የምለው። ነገም ውኃው ቢመጣ እከፍተዋለሁ። ማገጥ መሆኑን እያወቅሁ እከፍተዋለሁ። እያወቅሁ ቆሜ ላሞቹን ውኃ ሲወስዳቸው አላይም። ሰውየው ደግ ነው፤ ልዋሸው?»

«ውኃው አላለፈም እኮ ጋሼ! ዛፎቹ ጋ ቆመ፤ ወርጄ አይቻለሁ!»

«ዛሬ።»

«እባክዎ፣ መጋዘኑን ያስቡት። እትዬ ሐረጊቱን ያስቡ።»

«አስቤአታለሁ። ስትተረጉም አስቤአታለሁ። በል ንገረው።»

ለመናገር አፌን ስከፍት ኢታማር ቀድሞ ገብቶት ነበር፤ ዓይኑ ከእሳቸው ላይ ሳይነቀል ነው የሰማኝ። ስጨርስ ራሱን ነቀነቀ። «እንዲያ ከሆነ ላሞቹን ልሰጠው አልችልም» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። የረፌቱን ሥራ ሁሉ በሐሳቡ የሚቆጥር ይመስል ማለቢያውን አየ፣ በረቱን አየ። ሌላ የሚሰጣቸው ቦታ አልነበረውም። «ንገረው፤ አልተቆጣሁም በለው።»

ነገርኋቸው።

ጋሼ ዘገዬ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። የረፌቱን ቦት ጫማ አንድ በአንድ አወለቁና ጎን ለጎን ከግድግዳው ሥር አስቀመጡት። የራሳቸውን ጫማ አደረጉ፤ ማሰሪያው አልቋጠር ሲላቸው እንደተፈታ ተዉት። እኔ ተነሥቼ «ይቆዩ፣ አብረን እንሄዳለን» አልሁ። እሳቸው ግን ወደ ኋላ ሳይዞሩ በሩን ገፍተው ወጡ።